ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ፦ አንድ ጥያቄና 20 መልሶች

ይህ የኢንተርኔት ውይይት (ክር) የተከፈተው በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጠያቂው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የቆየ የመጠጥ ውሃ ግድብ ላይ የቁጥጥር ሥራ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ስሙን አልጠቀሱም፤ ሁኔታውን ግን በደንብ አስረድተዋል። ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ የሆነ የአፈር ግድብ ነው። ከጎኑ በድንጋይ የተገነባ 20 ሜትር ስፋት ያለው ማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት)፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ቫልቭ ያለው የማፍሰሻ ቧንቧ አለው። ከግርጌው በስተግራ ሁለት ክፍል ቤት የሚያህል ቦታ በበጋም አይደርቅም፤ ሣሩም ከዙሪያው ይልቅ ለምልሟል። ከረግረጉ መሃል ቀጭን ውሃ ይወርዳል። እርሳቸውን ያሳሰባቸው ግን ይህ ሳይሆን በማስተንፈሻው ግንብ ላይ የታየው ስንጥቅ ነው። የድሮ ግድብ የሚፈርሰው በስንጥቅ ነው የሚል አቋም ይዘው፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ቢያስለስኑት ይበቃ እንደሆነ ጠየቁ።

መልስ 1 በትሕትና የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ጠያቂውን አመስግነው የከተማዋን ግድቦች ዕድሜ አስታወሱ፦ በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳ ከሁሉ የቀደመው ነው፤ በሰንዳፋ አቅጣጫ ያለው ለገዳዲ እ.ኤ.አ. በ1970 አገልግሎት የጀመረ ነው፤ ድሬ ደግሞ በ1999 የተጨመረ ነው። ዕድሜ ብቻውን በሽታ አለመሆኑንም ገለጹ። የአፈር ግድብ ምንጊዜም ውሃ ያሰርጋል፣ ማለትም በአፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ያሳልፋል፤ ጨርሶ የማያሰርግ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ይሰርጋል ወይስ አይሰርግም ሳይሆን ምን ያህል፣ ምን ዓይነት፣ ከወትሮውስ ተለውጧል ወይ የሚለው መሆን አለበት። በእኔ አስተያየት ክሩን መስመር ያስያዘው ይህ መልስ ነው።

መልስ 2 ረጅሙ ነው። የስርገት ውሃ በዓይን አይገመትም፤ ይለካል። ረግረጉ ውሃ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ትንሽ ቦይ ይቆፈርና፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ90 ዲግሪ በቪ ቅርጽ ተቆርጦ በቦዩ አግድም ይተከላል። የቆረጣው ጥልቀት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የላሜራው ጠርዝ ውሃው በሚወድቅበት በኩል በሞረድ ተሞርዶ ስል መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ውሃው ጠርዙን ይዞ ይወርድና ልኬቱ ይሳሳታል። ጎኖቹና ሥሩ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ተደፍነው ውሃው ሁሉ በቆረጣው ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል። ከዚያ ከቆረጣው የታችኛ ጫፍ ጀምሮ የውሃው ከፍታ ይነበባል። 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚያልፈው በሰከንድ 0.77 ሊትር ነው፤ 7.5 ከሆነ 2.1 ሊትር፤ 10 ከሆነ 4.4 ሊትር። ጸሐፊው አጥብቀው ያሳሰቡት ነገር አለ፦ ከፍታው በእጥፍ ሲጨምር ውሃው በእጥፍ ሳይሆን ከአምስት እጥፍ ተኩል በላይ ይጨምራል። በዓይን ሲያዩት ጥቂት የመሰለ ለውጥ ጥቂት አይደለም። ላሜራው እስኪሠራ ድረስ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃሉ፤ ጀሪካኑ በ26 ሰከንድ ከሞላ ያው 0.77 ሊትር ነው።

መልስ 3 አጭር ነው። መጠኑ ከተለካ በኋላ ጥራቱ ይታይ ይላል። ከስርገቱ በጠራ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ሳይነቃነቅ ያድራል። ጠዋት ከሥሩ ደለል ከተገኘ ውሃው ከግድቡ ውስጥ አፈር እያወጣ ነው ማለት ነው። ብዙም ቢሆን የጠራ ስርገት፣ ትንሽም ቢሆን ከደፈረሰ ስርገት ይሻላል። ጠርሙሶቹ በመደርደሪያ ላይ በተርታ ይቀመጡ፤ ወር ከወር የሚነጻጸረው በዚያ ነው።

መልስ 4 መልስ 2ን አመስግኖ ሦስት እርማት አከለ። የውሃው ከፍታ የሚነበበው በላሜራው አፍ ላይ አይደለም፤ እዚያ ውሃው ለመውደቅ ይጎብጣልና ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ቢያንስ የከፍታውን አራት እጥፍ ወደ ኋላ ሄዶ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ40 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ በተተከለ ማስመሪያ ይነበብ። ሁለተኛ፣ በውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ቆረጣውን ያጠበዋልና በየሳምንቱ ይቦረሽ። ሦስተኛ፣ ስርገቱ ብቻውን ቢጻፍ ትርጉም የለውም። የማጠራቀሚያው ከፍታና የዕለቱ ዝናብ ከጎኑ መጻፍ አለባቸው፤ ሐምሌ ላይ ከግድቡ ፊት የሚወርድ የዝናብ ውሃ ወደ ቦዩ ገብቶ ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል። ንጽጽሩ ማጠራቀሚያው አንድ ዓይነት ከፍታ ላይ በነበረባቸው፣ ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናት መካከል ይሁን።

መልስ 5 ግን ይህን ሁሉ ልኬት አላስፈላጊ አደረገው። ረግረጉ ተቆፍሮ በቀይ አፈርና በሲሚንቶ ከተደፈነ ነገሩ በሁለት ቀን ያልቃል የሚል ነው።

መልስ 6 ላይ የክሩ ቃና ተለወጠ። ጸሐፊዋ ወንድም ዓለም ብለው ቢጀምሩም ቁጣቸውን አልደበቁም። ይህ ምክር ሰው የሚያስጨርስ እንደሆነ ጻፉ። ከታች የተደፈነ ውሃ አይጠፋም፤ ግፊቱ በግድቡ ውስጥ ይጠራቀምና ወይ ግርጌውን ያንሸራትታል፣ ወይ ሌላ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል። የሚያስፈልገው ውሃውን የሚያሳልፍ፣ አፈሩን ግን የሚይዝ ማጣሪያ ነው። መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩ እኩል ውፍረት ያለው ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ክብደት ሆኖ ይጫናል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ጠጠሩ በቀጥታ በአፈሩ ላይ ከተጣለ፣ ደቃቁ አፈር በጠጠሩ መሃል ሾልኮ ይወጣል። አሸዋው ጭቃ የተቀላቀለበት መሆን የለበትም፤ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ሲታይ ውሃውን እንደ ሻይ የሚያደርግ አሸዋ አይሆንም። ውሃው አሸዋ እያፈላ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ፣ በዙሪያው አሸዋ የተሞላ ጆንያ እንደ ቀለበት ተደርድሮ ውሃው ከፍ እንዲል ይደረግ፤ መውጫው ግን ፈጽሞ አይዘጋ። ከዚያ ማጠራቀሚያው ቀስ ብሎ ይቀነስ። ቀስ የተባለውን በቁጥር አስቀመጡት፤ በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ አለዚያ ውሃ የጠጣው የላይኛው ፊት ድጋፉን አጥቶ ይንሸራተታል። ግርጌው እየተቦረቦረ ካለ ግን የውሃው መውረድ ስለሚቀድም፣ ይህን የሚወስነው በቦታው የተገኘ መሐንዲስ ነው።

መልስ 7 መልስ 6ን ደግፎ በአሜሪካ የፈረሰውን የቲተን ግድብ ምሳሌ አነሣ፤ ግድቡ አርጅቶ እንደፈረሰ አድርጎም አቀረበው። መልስ 8 ወዲያው አረመው። ቲተን እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 የፈረሰው አርጅቶ ሳይሆን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲሞላ ነው። ጠዋት የታየው ስርገት ቀትር ሳይደርስ ግድቡን በጥሶታል፤ ትምህርቱም ፍጥነቱ ላይ ነው። ለእኛ የሚቀርቡት ምሳሌዎች ሌሎች መሆናቸውንም ጻፈ፦ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በኬንያ ሶላይ የአንድ እርሻ የአፈር ግድብ በዝናብ ወቅት ፈርሶ ከ40 በላይ ሰው አልቋል፤ በመስከረም 2023 ደግሞ በሊቢያ ደርና ከከተማዋ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ማዕበል ተወስደው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጠፍቷል።

መልስ 9 ወደ ባሕር ዛፍ ወሰደን። በግድቡ ታችኛ ፊት ላይ የበቀለው ባሕር ዛፍ ውሃውን ስለሚጠጣ ረግረጉን ያደርቃል፣ እንዲያውም ይጨመር የሚል ሐሳብ ነው። በእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ረግረግ ሲያደርቅ ሁሉም አይቷል። መልስ 10 ግን በአክብሮት ተቃወመ። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ግድቡ ሆድ ይገባል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ባዶ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ነፋስ ከነሥሩ ከገነደሰው ደግሞ የግድቡን ፊት ቦጭቆ ይሄዳል። ግንዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ ከመሬት እኩል ቆርጦ እንዳያቆጠቁጥ መከታተል ይበቃል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ጉቶውና ሥሩ ወጥቶ፣ ጉድጓዱ በተመሳሳይ አፈር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ሥራው በበጋ፣ ማጠራቀሚያው ዝቅ ሲል ይሠራ፤ አሁን በግንቦት መጨረሻ ትልቅ ጉቶ መንቀል ክረምቱን በተከፈተ ቁስል መቀበል ነው። ከግርጌው ቢያንስ 5 ሜትር ድረስ ዛፍ አይኑር፤ ፊቱን ሰርዶ ይሸፍነው፤ ሣሩም አጭር ሆኖ ይታጨድ፣ ረጅም ሣር ስንጥቅንም ረግረግንም ይደብቃልና።

መልስ 11 የአጨዳውን ጥቅም በፍልፈል አስረዳ። በደጋው የፍልፈል ቁልል የተለመደ ነው፤ በግድብ ላይ ሲታይ ግን ችላ አይባልም። አፉን ብቻ መድፈን ጉድጓዱን መደበቅ ነው። እስከ መጨረሻው ተቆፍሮ በንጣፍ ይጠቅጠቅ፤ ቀጭንና ጥልቅ ከሆነ 9 እጅ አፈርና 1 እጅ ሲሚንቶ በውሃ ቀጥኖ በቧንቧ ይፈሰስበት። የመሙያው አፈርም ዋልካ አይሁን፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል።

መልስ 12 ላይ ክሩ እንደገና ጋለ። ጸሐፊው ከተማው በፈረቃ ውሃ እየተሰቃየ ማስተንፈሻው በየዓመቱ ውሃ ማፍሰሱ ብክነት መሆኑን አንሥቶ፣ በማስተንፈሻው አፍ ላይ ግማሽ ሜትር ሳንቃ ቢደረደር ብዙ ውሃ እንደሚገኝ ጻፈ። ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ስሜቱም ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን ክፉ ነው።

መልስ 13 ያለ መግቢያ በስሌት መለሰ። በ20 ሜትር ስፋት ላይ 1.5 ሜትር ውሃ ሲያልፍ ማስተንፈሻው በሰከንድ 62 ሜትር ኩብ ገደማ ያወጣል። የግድቡ አናት ከፍ ሳይል አፉ በ0.5 ሜትር ከተነሣ የሚቀረው የውሃ ውፍረት 1 ሜትር ነው፤ አቅሙም ወደ 34 ይወርዳል። ለግማሽ ሜትር ውሃ ሲባል የግድቡን መተንፈሻ ግማሽ ገደማ መድፈን ማለት ነው። የአፈር ግድብ ደግሞ በአናቱ ውሃ ከፈሰሰበት በሰዓታት ውስጥ ይቆረሳል። ጎርፍ ሲመጣ ሳንቃው ይነሣል የሚለውንም አልተቀበለም፦ ውሃ የጠጣ ሳንቃ ያብጣል፣ ጎርፉ ያመጣው ግንድ ይጫነዋል፣ ጎርፉም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሌሊት ነው። መልስ 12ን የጻፈው ሰው ግድብ አጠገብ እንዳይደርስ በመጻፉ ግን ቃሉ ከልኩ አለፈ። ስሌቱ ብቻውን በቂ ነበር።

መልስ 14 አበረደው። ለግንብና ለኮንክሪት ግድብም ነገሩ ቀላል አለመሆኑን አሳየ፦ 15 ሜትር ውሃ በእያንዳንዱ የግድብ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 112 ቶን ይገፋል፤ 16 ሜትር ሲሆን 128 ቶን ይደርሳል። ግድቡን ለመገልበጥ የሚሞክረው ኃይል ደግሞ በ21 በመቶ ያድጋል። ከዚያ ሁሉም የረሳውን ስንጥቅ አነሣ፤ ይህን ማንሣቱ ደስ አሰኝቶኛል፣ ጠያቂው መጀመሪያ የጠየቁት እርሱን ነበርና። ስንጥቅ ሳይለካ አይለሰንም፤ ልስኑ ማስረጃውን ይሸፍነዋል። በሁለቱ ጎን ሁለት የናስ ሚስማር ተተክሎ በመካከላቸው ያለው ርቀት በካሊፐር በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በማለዳ ይለካ። ግንብ በብርድ ይኮማተራል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ስንጥቁን ይከፍተዋል፣ የቀን ፀሐይ ይዘጋዋል። ከወቅቱ ጋር የሚሄድና የሚመለስ ስንጥቅ ብዙ አያሳስብም፤ ሄዶ የማይመለስ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ወደ ፊት የወጣ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይጠራ። ከስንጥቁ ነጭ ኖራ የሚወርድ ከሆነም ውሃ በግንቡ ውስጥ እያለፈ ማያያዣውን እያጠበ ነው።

መልስ 15 ስለ ቫልቮቹ ነው፤ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ በአደጋ ቀን አይከፈትም፤ ስለዚህ ከክረምት በፊት መሞከር አለበት። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ከታች ልብስ የሚያጥቡና ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ይነገራቸው። ከዚያ የታችኛው ቫልቭ ዝግ እንደሆነ፣ በማጠራቀሚያው በኩል ያለው የመጠባበቂያ ቫልቭ ይዘጋና ይከፈታል፤ እርሱ መዝጋቱ ሳይረጋገጥ የታችኛው አይነካም፣ አልዘጋም ቢል ማጠራቀሚያውን የሚያቆም ነገር የለምና። መሪው የሚዞርበት ብዛት ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ባለፈው ዓመት በ40 ዙር የዘጋ ቫልቭ ዘንድሮ በ34 ከቆመ ደለል ወይም ድንጋይ ነክሷል። የጠነከረ መሪ ግማሽ ዙር ወደዚህ፣ ግማሽ ወደዚያ እየተባለ ይለመዳል፤ ግሪስ ይቀባል፣ ዘንጉ ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ፓኪንጉ (የዘንጉ ማሸጊያ) ይቀየራል። ረጅም ቱቦ በመሪው ላይ አጥልቆ መጎተት ዘንጉን ይሰብራል። የአየር ቧንቧው አፍም ይታይ፤ የወፍ ጎጆ ወይም ቅጠል ከዘጋው ቫልቩ ሲከፈት ቧንቧው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጭን የብረት ቧንቧ ከሆነም ሊጨመደድ ይችላል።

መልስ 16 በዚህ ቫልቭ ደለሉ ሁሉ ይጠረግ እንደሆነ ጠይቆ ራሱ መለሰ፦ አይጠረግም። የሚጸዳው በመግቢያው ዙሪያ ያለ ጎድጓዳ ብቻ ነው። ደለል የሚቀነሰው ከላይ ነው፤ በገፈርሳ ከዋናው ግድብ በላይ እ.ኤ.አ. በ1966 ሌላ ግድብ የተሠራው አንዱ ጥቅሙ ደለል ማስቀረት ነው። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ታርሶ በሐምሌ ራቁቱን ዝናብ ስለሚቀበል፣ እርከንና የሣር መስመር ከማንኛውም ማሽን በላይ ይሠራሉ።

ከዚህ ወዲያ ወሬው ወጣ ያለ ነበር። መልስ 17 በክረምት የቧንቧው ውሃ ቡና የሚመስለው ከግድቡ ይሁን አይሁን ጠየቀ፤ የቤቱ ሮቶ እንዴት እንደሚጸዳም አከለ። መልስ 18 ደለሉ በማጣሪያ ጣቢያው በአልሙኒየም ሰልፌት እንደሚወርድ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣና ሲሄድ ግን የቧንቧው ውስጥ ዝገትና በስንጥቅ የተሳበ ጭቃ እንደሚነቃነቅ ገለጸ። ለ1,000 ሊትር ሮቶ ሥሩ ከታጠበ በኋላ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በሙሉ ውሃ ተበጥብጦ 12 ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ሁሉም ይደፋ። በዚያው መልስ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ የተነሣውና አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። ንዝረት በተሰማ ቀን የግድቡ አናት ከዳር እስከ ዳር በእግር ይታይ፤ አናቱን ተከትሎ የሄደ ስንጥቅ ካለ ይመዝገብ፤ ስርገቱም ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይነበብ።

መልስ 19 የጠያቂው ነው። ላሜራውን ተክለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 7.5 ሴንቲ ሜትር አነበቡ፤ በሦስተኛው ሳምንት ማጠራቀሚያው እዚያው ከፍታ ላይ እያለ ንባቡ ወደ 5 ወረደ። ስርገቱ ከ2.1 ሊትር ወደ 0.77 ሊትር ቀንሷል፤ ግድቡ ራሱን እየደፈነ ነው ብለው ደስታቸውን ገለጹ። ጠርሙሱም ጠርቷል።

መልስ 20ን የጻፉት የመልስ 6 ባለቤት ናቸው፤ አሁን ቁጣ የለባቸውም። ጋሼ ብለው ጀምረው ገና ደስ እንዳይላቸው ለመኗቸው። የማጠራቀሚያው ከፍታ ሳይለወጥ ስርገት በድንገት ከቀነሰ፣ ውሃው አልቀረም፤ መንገዱ ተለውጧል ወይም ተዘግቷል። በመጀመሪያ በላሜራው ጎንና ሥር የሚያመልጥ ውሃ ይፈለግ፤ ይህ የተለመደው ምክንያት ነው። ከዚያ ከግርጌው የስርገት ውሃ የሚያወጣ የድሮ ቱቦ ካለ አፉ በሥር ወይም በነጭ ኖራ ተዘግቶ እንደሆነ ይታይ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ከረግረጉ በላይና በግራ ቀኝ እስከ 30 ሜትር ድረስ አዲስ እርጥበት በእግር ይፈለግ፤ ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ጫማ ወልቆ ቢሆን ይሻላል፤ እግር ከዓይን ቀድሞ ቅዝቃዜውን ያውቃል። የዛሬው ንባብም ሳይታረምና ሳይፋቅ በመዝገቡ ላይ ይቆይ፤ ነገ በዚያው ሰዓት እንደገና ይነበብ።